የሰፈራችሁን አርበኞችና ዘማቾች መታሰቢያ እንዴት ታቆማላችሁ? ከስም ዝርዝሩ እስከ ምርቃቱ

የአያቴ ታላቅ ወንድም ማይጨው ዘምቶ አልተመለሰም። አስከሬኑ አልመጣም፤ መቃብርም የለውም። አያቴ መጋቢት በገባ ቁጥር ቡና ታፈላና ስሙን ከነአባቱ፣ ከነፈረሱ ስም ትጠራው ነበር። እሷ ስታርፍ ስሙን እንደዚያ የሚጠራ ሰው ጠፋ።

በተወለድኩበት ከተማ የአርበኞችና የዘማቾች መታሰቢያ ይቁም ተብሎ ኮሚቴ ሲዋቀር የገባሁት ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግን ስለ ሐውልቱ ቅርጽ ስንከራከር ፈጀናቸው። ጦር ይያዝ ወይስ ጠመንጃ? በፈረስ ላይ ይሁን ወይስ በእግሩ? ስም መሰብሰብ የጀመርነው መጨረሻ ላይ ነበር። በመሃል ብዙ ስም የሚያውቁ አንድ አባት አረፉ። ከእሳቸው ጋር ስንት ሰው እንደተቀበረ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከስሙ ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። «ለሀገራቸው ለወደቁ ጀግኖች» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ሐውልት በየከተማው አለ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቀርቦ በጣቱ የሚዳስሰው ስም ከሌለው ግን፣ ለእኔ ሥራው ገና አልተጀመረም።

1. የማን መታሰቢያ ነው?

ይህን በአንድ ስብሰባ ጨርሱትና በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ሦስት ነገር ትወስናላችሁ።

አንደኛ፣ የትኛው ዘመቻ? ከዐድዋ (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) ጀምሮ፣ የአምስቱን ዓመት አርበኝነት (ከ1928 እስከ 1933)፣ ኮሪያን፣ ኮንጎን፣ የ1969 እና 70ን የሶማሌ ጦርነት፣ የባድመን ጦርነት ሁሉ እናካትት ካላችሁ ይቻላል። ግን ለየዘመኑ የራሱ ሰሌዳ ይኑረው። አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ በአንዱ ጀምሩ። እኔ ብመርጥ ምስክሮቹ ሊያልቁ በተቃረቡበት እጀምራለሁ። ኮሪያ የዘመቱት በሕይወት ያሉት ጥቂቶች ዘጠናን አልፈዋል። የአምስቱን ዓመት ዘመን የሚያስታውሱት ደግሞ ያኔ ሕፃናት የነበሩት ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ፣ «የአካባቢያችን ሰው» የሚባለው ማነው? እዚህ የተወለደ? እዚህ የኖረ? ወይስ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ የወደቀ? ሦስቱም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳትወስኑ ስም መሰብሰብ ከጀመራችሁ ግን ኋላ በየስሙ ትጣላላችሁ።

ሦስተኛ፣ የወደቁት ብቻ ናቸው ወይስ የተመለሱትም? እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው፤ ሁሉም ይጻፉ። ኮሪያ የዘመተውን ቃኘው ሻለቃን ተመልከቱ። ኮሪያ ላይ የወደቁት ከ120 ጥቂት ይበልጣሉ። የቆሰሉት ግን ከ500 በላይ ናቸው። ቁስላቸውን ይዘው ተመልሰው፣ አርሰውና ነግደው ልጅ አሳድገው የሞቱት ዘማቾች ከድንጋዩ የሚቀሩበት ምክንያት አይታየኝም። የወደቁትን ለመለየት ከስማቸው ጎን ትንሽ ምልክት ይበቃል። ምልክቱ መስቀል አይሁን፤ ከወደቁት መካከል ሙስሊሞች አሉ። ኮከብ ወይም የዘንባባ ቅጠል ሁሉንም ያስማማል።

ሴቶቹን እንዳትረሷቸው። ሰው ስለ አርበኛ ሲጠየቅ ጠመንጃ የያዘ ወንድ ነው የሚታየው። ስንቅ ያቀበለች፣ ጥይት በእንስራ ያሳለፈች፣ ከጠላት ቢሮ ወሬ ያወጣች ውስጥ አርበኛም አርበኛ ናት። ሸዋረገድ ገድሌ ጣሊያን አገር ድረስ ተወስዳ ታስራለች፤ ስትመለስ ደግሞ ትግሉን ቀጠለች። በየከተማው ስማቸው ያልወጣ ብዙ እንደሷ ያሉ ነበሩ። ቤት ስትገቡ «አባትዎ ዘምተው ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። «እናትዎስ በዚያ ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?» በሉ።

2. ስም መሰብሰብ

ቅጽ አዘጋጁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ስም እስከ አያት፣ ቅጽል ወይም የፈረስ ስም፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቦታ፣ የት እንደዘመተ፣ መቼ፣ ወደቀ ወይስ ተመለሰ። ከታች «ይህን የነገረን ማነው፣ ለዘማቹ ምኑ ነው» የሚል መስመር ይኑር። ይህ የመጨረሻው መስመር ካልተሞላ ቅጹ ዋጋ የለውም።

ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይጻፍ። ከፈቀዱላችሁ በስልክ ድምፅ ቅዱ። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ቢኖር ደጁ ቶሎ ይከፈታል። መጀመሪያ ቡና ጠጡ፤ ወረቀቱን አታስቀድሙ።

ቀንና ዓመተ ምሕረት በቀጥታ አትጠይቁ። አብዛኛው ሰው «እኔ እንጃ» ይላል፤ ያኔ ወሬው ይቆማል። ይልቅስ እንዲህ በሉ፦ «አባባ፣ አባትዎ ሲወጡ አዝመራ ነበር ወይስ ክረምት? የትኛው ታቦት ቀን አካባቢ ነበር? ከእህትና ወንድሞችዎ ማን ተወልዶ ነበር?» ሰው ጊዜን የሚያስታውሰው በልደት፣ በሞት፣ በበዓልና በድርቅ ነው። ዓመቱን ቤት ስትገቡ ታወጡታላችሁ።

ሳጥን አስከፍቱ። «ወረቀት አለ?» ስትሉ የለም ይሏችኋል። «የድሮ ፎቶ ካለ እንይ» ስትሉ ግን ከፎቶው ጋር ሌላው ሁሉ ይወጣል። የአርበኝነት ሜዳይ፣ የምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ የመርዶ ደብዳቤ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለኮሪያ ዘማቾች የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ተጽፎ የተሠራ ነው። ቤተሰቡ ምንነቱን ሳያውቅ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሁሉንም ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱ። ዕቃውን ግን ለአንድ ቀንም ቢሆን ይዛችሁ አትሂዱ። የጠፋ ሜዳይ ቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ ያጣላችኋል።

ከቤት ውጭ ደግሞ እነዚህን አዳርሱ፦

የእድር መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ያሉ የመቃብር ጽሑፎች፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር። አዲስ አበባ መሄድ የሚችል ሰው ካላችሁ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ነው የወጣው። ከነፃነት ማግስት የታተሙትን ዕትሞች ማገላበጥ ሰፊ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን የአገራችሁን ሰው ስም በዚያ ስታገኙት ድካሙ ይረሳል። ኮሪያ ላይ ለወደቁት ደግሞ አጽማቸው ያረፈበት የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ።

አንድ ሌላ ምንጭ አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሙሾ። አልቃሽ ስታለቅስ የሟቹን አባት፣ አገሩን፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ ትጠራለች። ቀረርቶና ፉከራም እንደዚሁ ነው፤ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ማን ከጎኑ እንደወደቀ ይነገርበታል። እኛ ሁለት ስም ያገኘነው አንዲት እናት የእናታቸውን ሙሾ ሲያወርዱልን ነው። በሌላ በምንም ወረቀት አልነበሩም። የዕድሜ ባለጸጋ አልቃሽ ካለች ሂዱና ተቀመጡ። ሙሾ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፍለጋውን ግን መንገድ ያስይዛል።

3. «እሱማ ባንዳ ነበር»

ይህ ይመጣል። ተዘጋጁለት።

ስሞቹ ከመምጣታቸው በፊት የማስረጃ ደንብ ጻፉ። የእኛ እንዲህ ነበር፦ አንድ ሰነድና ከቤተሰብ ውጭ የሆነ አንድ ምስክር፤ ሰነድ ከሌለ ደግሞ ከቤተሰብ ውጭ የሆኑ ሁለት ምስክሮች። ደንቡ ከስሙ ቀድሞ ከተጻፈ ማንም «በእኔ አባት ላይ ነው ያወጣችሁት» ሊል አይችልም።

ከዚያ ረቂቅ ዝርዝሩን ለ30 ቀን ለሕዝብ ለጥፉ። ቀበሌ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን በር፣ መስጊድ በር፣ ትምህርት ቤት። በከተማው ልጆች ቴሌግራም ግሩፕም ይለቀቅ፤ አረብ አገርና አሜሪካ ያሉት የሚያውቁት ስም አለ። ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያስገባ። በአፍ የመጣ ተቃውሞ አይያዝ።

ክርክር የተነሳበትን ስም አራት አምስት ሽማግሌዎችና አንድ የታሪክ መምህር ዝግ ሆነው ይዩት። በጣሊያን ጊዜ መጀመሪያ ለጠላት ገብቶ ኋላ ጫካ የወጣ ሰው ብዙ ነው። የተገደደም አለ። ፈጥናችሁ አትፍረዱ፤ ፈጥናችሁም አታስገቡ። የተጠራጠራችሁበትን ስም «ማጣራት የሚፈልጉ» በሚል መዝገብ አቆዩትና ድንጋዩ ላይ ባዶ ቦታ ተዉ። ውሳኔው ለቤተሰቡ ቤታቸው ተሂዶ ይነገር። በአደባባይ አይነገር።

4. ፊደሉ

ይህን ክፍል ዘለላችሁ እንዳታልፉ። ድንጋይ ላይ የተሳሳተ ፊደል እንደ ወረቀት አይሰረዝም።

ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ሥዩም፣ ስዩም። ዓለሙ፣ አለሙ። ፀሐይ፣ ጸሐይ። የትኛው ይጻፍ? ሰውየው ራሱ የጻፈበት ወይም የፈረመበት ወረቀት ካለ እሱ ይበልጣል። ከሌለ ቤተሰቡ እንደሚጽፈው። ሁለቱም ከሌለ ኮሚቴው አንድ ሥርዓት ይምረጥና በሁሉም ስም ላይ ያን ይከተል። የኦሮሞ፣ የትግራይ፣ የጉራጌ ወይም የሌላ ብሔረሰብ ስም ከሆነ ወደ አማርኛ አጠራር አታጥፉት። እናቱ እንዴት ትጠራው ነበር? እንደዚያ ጻፉ።

ስሞቹን በፊደል ተራ ስታሰልፉ አንድ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ካሰለፋችሁ «ሀይሉ» መጀመሪያ ላይ፣ «ኃይሉ» ደግሞ መሃል ላይ ይወድቃል። «አለሙ» እና «ዓለሙ»ም ይራራቃሉ። ሽማግሌ አባት የወንድማቸውን ስም አንድ ቦታ ፈልገው ሲያጡት «ተዘለለ» ብለው አዝነው ይመለሳሉ። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአንድ ቦታ አድርጋችሁ በእጃችሁ አሰልፉ።

በማዕረግ ማሰለፍ የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ደጃዝማቹ ከላይ፣ ባላገሩ ከታች። እኔ አልስማማም። ማዕረጉ ከስሙ በፊት ይጻፍ፤ ፊታውራሪ፣ ግራዝማች፣ ሻምበል፣ ሃምሳ አለቃ። ተራው ግን የፊደል ይሁን። ጫካ ውስጥ አንድ ቆሎ ተካፍለው የበሉ ሰዎች ናቸው።

ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ፣ የኮሪያ ዘማች ወረቀት ላይ 1951 ቢል የፈረንጅ ነው። ቃኘው መጀመሪያ የተነሳው በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1943 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ሁለቱን አቀላቅሎ የጻፈ ሐውልት አይቻለሁ፤ ሰውየው ገና ልጅ ሳለ የዘመተ ሆኖ ይነበባል።

በመጨረሻ ዝርዝሩን ድንጋዩ ላይ በሚወጣበት መልክ አትሙና ቤት ለቤት ዙሩ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከስሙ አጠገብ «ልክ ነው» ብሎ ይፈርም። አድካሚ ነው። እኛ ግን አሥራ አንድ ስህተት ያወጣነው በዚህ ነው። ከአሥራ አንዱ አንዱ የአያቴ ወንድም ስም ነበር፤ የአያቱ ስም ተሳስቶ ነበር፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

5. ኮሚቴ፣ ገንዘብ፣ ፈቃድ

ሰባት ወይም ዘጠኝ ሰው ይበቃል። የእድር ዳኛ፣ መምህር፣ ከሁለቱም እምነት ሽማግሌ፣ ሴቶች፣ ወጣት፣ ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ዘማች።

ገንዘቡ በባንክ ብቻ ይግባ። ሂሳቡ የሦስት ሰው ፊርማ ይኑረው። ለአሥር ብርም ደረሰኝ ይቆረጥ። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አሰባስቡ። የገባውና የወጣው በየወሩ ይለጠፍ። እድሮች ከሳጥናቸው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ ከአንድ ባለሀብት ትልቅ ስጦታ ይሻላል ባይ ነኝ። ባለሀብቱ ስሙን ከዘማቾቹ ስም በላይ በትልቁ ማየት ሊፈልግ ይችላል። የለጋሾች ስም በመዝገብ ይያዝ፤ ድንጋዩ ላይ አይውጣ። ይህንንም ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ንገሯቸው።

ለፈቃድ ማዘጋጃ ቤትና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ በማመልከቻ ግቡ። ማመልከቻው ላይ ንድፍ፣ የቦታው ሳይት ፕላንና የስሙ ዝርዝር ይያያዝ። የቃል ፈቃድ አትቀበሉ። የፈቀደው ሹም ነገ ይዛወራል። ቦታው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ታሪካዊ ፍርስራሽ አጠገብ ከሆነ ከመቆፈራችሁ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ (ቁጥር 209/1992) ለጌጥ አልወጣም።

6. ቦታው

የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አስቡ። አቡኑ በጣሊያኖች የተረሸኑት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ያን የመሰለ መታሰቢያ እንኳ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመር ግንባታ ከቦታው ተነስቶ፣ የተመለሰው በ2008 ነው። የተመለሰው ትልቅ ስለሆነና ሕዝብ ስለጠየቀው ነው። የትንሽ ከተማ ሐውልት መንገድ ሲሰፋ ከተነሳ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ የከተማውን መሪ ፕላን አስወጡ። መንገድ ወይም ቦይ ያልፍበታል? ይስፋፋል? በጽሑፍ ይመለስላችሁ።

አደባባይ መሃል ማቆም የተለመደ ነው። የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት አደባባይ ላይ ነው፤ ያምራል፣ ከሩቅ ይታያል። በዙሪያው ያሉት የነሐስ ምስሎች ማንበብ ለማይችልም ሰው የዚያን ቀን ጭፍጨፋ ያሳያሉ። እናንተ የምታቆሙት ግን የስም መታሰቢያ ነው። ምርኩዝ የያዙ እናት መኪና አቋርጠው መድረስ አለባቸው። ለዚህ ከአደባባይ ይልቅ ግቢ ያለው ቦታ ይሻላል። አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ ሄዳችሁ እዩት፤ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ቦታ ምን ያህል ለውጥ እንዳለው ይገባችኋል። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለውን የትግላችን ሐውልትም እዩ። ዐይኔን የያዘው ረጅሙ ዓምድ አልነበረም፤ የወደቁት ወታደሮች ፊት ነው።

ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በእግር የሚደረስበት፣ ከተቻለ ለትምህርት ቤት ቅርብ። ውጊያው የተካሄደበት ቦታ ከከተማ ከራቀ እዚያ ትንሽ የድንጋይ ምልክት አቁሙ፤ ስሞቹ ግን ሰው ባለበት ይሁኑ።

7. ድንጋዩ

ነሐስ ውብ ነው፤ ግን ጥበቃ በሌለበት ቦታ ተነቅሎ ቁራሌው እጅ ይገባል። በሲሚንቶ ላይ በቀለም የተጻፈ ስም ሁለት ሦስት ክረምት አይችልም። ለስም ሰሌዳ ተወልውሎ የተቀረጸ ጥቁር ግራናይት ይመረጣል። እብነ በረድም ይሠራል፤ ነገር ግን ይቆሽሻል፣ ከግራናይትም ቶሎ ይበላል። የአካባቢያችሁ ጥቁር ድንጋይ ለመሠረቱና ለግድግዳው ይሁን፤ ጠራቢዎቻችሁም የሥራው ተካፋይ ይሆናሉ።

አሁን ልኩን እናስላ። የእኛ ፊደል እግርና ቅጥያ አለው። ጥልቀቱ ሲቀንስና አቧራ ሲሞላው «ሊ» እና «ሌ»፣ «ቂ» እና «ቄ» አይለዩም። ስለዚህ የፊደሉ ቁመት ከ3 ሴንቲ ሜትር ባያንስ እመክራለሁ። በመስመሮች መካከል ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ተዉ። አንድ መስመር 6 ሴንቲ ሜትር ወሰደ ማለት ነው። ስሞቹ ከመሬት ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ80 ባለው ከፍታ ውስጥ ይሁኑ፤ ሕፃንም ሽማግሌም ያነበዋል፣ በእጁም ይነካዋል። ይህ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ 20 መስመር ይይዛል። በሁለት ረድፍ ብታደርጉት በአንድ ሰሌዳ 40 ስም። 120 ስም ካላችሁ ሦስት ሰሌዳ። አራተኛ ባዶ ሰሌዳ ጨምሩ። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግራናይት ከ110 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ሰሌዳ አንድ ቀን ይወድቃል፤ ሰው ላይም ሊወድቅ ይችላል። ከግድግዳው ጋር በማይዝግ ብረት ይታሰር። ከባድ ከሆነባችሁ እያንዳንዱን ሰሌዳ አራት ቦታ አስቆርጡ።

መሠረቱ በበጋ ይቆፈር። ከጥር እስከ የካቲት ምቹ ነው፤ አዝመራ ስለተሰበሰበ የሰው ጉልበትም አይጠፋም። ኮንክሪቱ ውኃ እየጠጣ ወደ አንድ ወር ይቆይ። ለምርቃት ቸኩሎ ያልደረቀ ግድግዳ ላይ ድንጋይ ማሰር በኋላ ያስከፍላል። የዝናብ ውኃ ከግድግዳው ኋላ እንዳይጠራቀም ቦይ ይውጣለት።

ቀራጺው መጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ ቀርጾ ያሳያችሁ። ከሦስት እርምጃ ላይ ቆማችሁ አንብቡት። ከኮሚቴው በዕድሜ ትልቁ ሰው ያለ መነጽር ያንብቡት።

8. የመግቢያው ጽሑፍ

ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ በማን ቆመ። «ዘላለማዊ ክብር» የሚለው ቃል በየቦታው ስላለ ዐይን ያልፈዋል። የተደረገውን ብትጽፉ ይሻላል። ለምሳሌ፦

«እነዚህ የዚህ ከተማና የአካባቢው ልጆች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ተዋግተዋል፣ ስንቅ አቀብለዋል፣ ወሬ አውጥተዋል። ኮከብ ያለባቸው አልተመለሱም። ይህን መታሰቢያ ልጆቻቸውና የከተማው ሕዝብ አቆሙላቸው።»

ግጥም የሚፈልግ ካለ በምርቃቱ ቀን ይነበብ።

9. ምርቃት

ቀኑን ቀድማችሁ ምረጡና ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለአምስቱ ዓመት አርበኞች ሚያዝያ 27፣ ለሶማሌ ጦርነት ዘማቾች የካራማራ ድል የሚታሰብበት የካቲት 26 አለ። ስም መሰብሰቡ ብቻ ቢያንስ ስምንት ዘጠኝ ወር ይወስዳል። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ከጀመራችሁ ለሚመጣው ሚያዝያ 27 ትደርሱ ይሆናል። ካልደረሳችሁ ለሚቀጥለው ይሁን።

የፊት ወንበር የቤተሰቦችና በሕይወት ያሉ ዘማቾች ነው። ዳስ ይጣል፣ ውኃ ይቅረብ። ክሩን የሚቆርጡት በዕድሜ የገፉ ዘማች ወይም የወደቀ ዘማች ባለቤት ይሁኑ። ባለሥልጣን ይጋበዝ፤ ንግግሩ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። ጸሎቱም ዱዓውም ይደረግ።

ከዚያ ስሞቹ በሙሉ ይነበቡ። አንድም ሳይዘለል። 120 ስም ቀስ ተብሎ ቢነበብ አሥር ደቂቃ ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ተከፋፍለው ያንብቡት፤ ቀድመው ይለማመዱ፣ ስም እንዳይሰብሩ። የእኛ ከተማ ሰው በንግግሩ ጊዜ ያወራ ነበር። ስሙ መነበብ ሲጀምር ግን ዝም አለ። የእያንዳንዱ ስም ቤተሰብ ሲሰማ ከመቀመጫው ይነሳ ነበር፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሽለላውና ቀረርቶው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

10. ከምርቃቱ በኋላ

የሚጠርገው፣ የሚያጸዳው ማነው? ምርቃቱ ሳይደርስ በጽሑፍ ይወሰን። አንድ እድር ወይም አንድ ትምህርት ቤት ቢረከበው ጥሩ ነው። ድንጋዩ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይታጠብ። አሲድና በረኪና አይንካው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ይጠረግ።

የሰበሰባችሁት ቅጽ፣ ፎቶና ድምፅ ከድንጋዩ አያንስም። ሦስት ቅጂ አድርጉት። አንዱ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለወመዘክር። በፍላሽ ብቻ አታስቀምጡት፤ በወረቀትም ይታተም።

አሁን ወደ ባዶው ሰሌዳ ልመለስ። ቤት ለቤት ዞራችሁ፣ ለ30 ቀን ለጥፋችሁ፣ በቴሌግራም ለቅቃችሁም ቢሆን የቀረ ስም አለ። ሰው ድንጋዩን ሲያይ ነው የሚመጣው። እኛ በመረቅን በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ከገጠር በእግራቸው መጡ። ሦስቱንም ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ ዞር ብለው «ልጄ፣ የኔ አባትስ?» አሉኝ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ቅጹን አወጣሁና ስማቸውን እስከ አያት ጠየቅኳቸው።